ኮሚክ ከመሳሉ በፊት ስክሪፕቱ በሥርዓት ይጻፍ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በኩየራ፣ በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነጌሌም ሆነ በአዳማ እጃቸው ለሥዕል የተፈታ፣ ታሪክ መጻፍም የሚወዱ ሙስሊም ወጣቶች አሉን። በሀገራችን ኤታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካወጣ ወዲህ ብዙዎቹ «እኛስ የራሳችንን ታሪክ ለምን በኮሚክ አንሠራም?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በስልክ ላይ ያለ አንቀጽ የተንዛዛ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሠዓሊው ምን እንደሚስል አያውቅም፤ ኡስታዙም ምን ሊሳል እንደታሰበ አያውቅም። አንዱ ሥራውን ይተዋል፣ ሌላው «ሐራም ነው» ብሎ ይዘጋዋል፣ ታሪኩም እዚያው ይቀራል።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ በሥርዓት የተጻፈ ስክሪፕት ለሠዓሊውም ለኡስታዙም መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት እሱን እንማር።

መድረሳ የቀራ ሰው ነገሩ አይከብደውም። በኪታቦቻችን መትኑ መሐል ላይ ይሰፍራል፣ ሐሺያው ዳር ዳሩን ይዞራል፤ ሁለቱን የሚያምታታ ደረሳ የለም። የኮሚክ ስክሪፕትም ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለው። አንደኛው አንባቢው የሚያነበው ነው፦ ንግግርና አጭር መግለጫ። ሁለተኛው ሠዓሊው ብቻ የሚያነበው ነው፦ በሥዕሉ ውስጥ ምን እንደሚታይ። እነዚህን መለየት የሥራው ግማሽ ነው።

እንደ ፊልም ስክሪፕት ሁሉም የተስማማበት አንድ ቅርጽ ባይኖርም የተለመደው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የገጹ ቁጥርና በገጹ ላይ ስንት ፓነል (በመስመር የታጠረ ሥዕል) እንዳለ ይጻፋል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፓነል በቁጥር ይቀመጣል፤ ሥር ሥሩ የሚታየው ነገር፣ ከዚያም የተናጋሪው ስምና ንግግሩ። አዲስ የኮሚክ ገጽ ሲጀመር በአዲስ ወረቀት ይጀመራል። በአንድ ፓነል ውስጥ አንድ ድርጊት ብቻ ይሁን፤ ሥዕል ቆሞ የሚታይ ነገር ነውና «ተነስቶ በሩን ከፍቶ ወጣ» የሚለውን በአንድ ጊዜ ማሳየት አይችልም። በአንድ ገጽ አምስት ወይም ስድስት ፓነል ይበቃል። ንግግሩም ይጠር። በአፋን ኦሮሞ ጭምር ለማውጣት ካሰባችሁ ደግሞ በቁቤ የሚጻፈው ቃል ከፊደላችን ይልቅ ቦታ ስለሚፈጅ ከወዲሁ አስቡበት።

እኛ በዚህ ላይ አንድ መስመር እንጨምር እንላለን፦ «ምንጭ»። ሐዲስን በኢስናድ የተቀበለ ኡማ ሰሓቦችን ያላሉትን ሊያናግር አይገባም። የሐበሻን ሂጅራ እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

ገጽ 1 (3 ፓነል)

ፓነል 1፦ የነጃሺ አዳራሽ ከበሩ በኩል በሰፊው ይታያል። ስደተኞቹ አይታዩም፤ ጥላቸው ብቻ ወለሉ ላይ ወድቋል።
መግለጫ፦ «ሐበሻ፣ የነጃሺ አገር።»

ፓነል 2፦ ከቅርብ። ቁረይሾች ለንጉሡ የላኩት የቆዳ ስጦታ ምንጣፍ ላይ ተደርድሯል። ሰው አይታይም።
ንግግር፦ የለም።
ምንጭ፦ የኢብኑ ሂሻም ሲራ፣ ከኡሙ ሰለማ የተዘገበ።

ፓነል 3፦ የአዳራሹ በር በሰፊው ተከፍቷል።
ጠባቂ (ከውስጥ፣ አይታይም)፦ «ግቡ፤ ንጉሡ ጠርተዋችኋል።»
ምንጭ፦ የጸሐፊው ፈጠራ።

ይህን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ኡስታዛችሁ ስትሄዱ የምትጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል። «ኮሚክ ይፈቀዳል ወይ?» ማለት ቀርቶ «በገጽ 1፣ ፓነል 1 ላይ ጥላ ማሳየታችን ከአደብ ይወጣል ወይ?» ትላላችሁ። እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አለው። ስህተትም ካለ በእርሳስ ይሰረዛል፤ ሠዓሊው ወር ሙሉ ከደከመበት በኋላ አይቀደድም።

አንዳንድ ወንድሞች «ነፍስ ያለውን መሳል ራሱ የተከለከለ ነው፣ ምን ስክሪፕት ያስፈልጋል?» ይላሉ። ንግግራቸው መሠረት አለው። ሥዕልን የሚያወግዙ ሐዲሶች በቡኻሪም በሙስሊምም ሰፍረዋል፤ በአካባቢያችን በሰፊው የሚቀራው የሻፊዒ መዝሀብም በዚህ ጠበቅ ይላል። ከማሊኪዮች ዘንድ ደግሞ ጥላ በሌለው ሥዕል ላይ ቀለል ያለ አቋም የያዙ ዑለማዎች አሉ። እኛ ፈትዋ ሰጪ አይደለንም፤ ሁሉም የሚተማመንበትን ዓሊም ይጠይቅ። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ምስል ግን ማንም እንዳያስበው። የጠበቀውን አቋም ለሚከተልም መንገዱ አይዘጋም፦ በር፣ መርከብ፣ ባሕር፣ ደብዳቤ፣ ጥላ የሌለበት ባዶ አዳራሽ እየታየ ታሪክ ሊነገር ይችላል። ሙስጠፋ አል ዐቃድ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው «አር-ሪሳላ» ፊልም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም፤ ታሪኩ ግን ተነግሯል። የማይታየውን መወሰን የሚቻለው በጽሑፍ ላይ ነው። ሥዕሉ ከተጀመረ በኋላ ጊዜው ያልፋል።

ሌላው ጉዳይ ሐቅ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ማርቭል ጸሐፊው የታሪኩን ሐሳብ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ሠዓሊው ገጾቹን ይስላል፣ ንግግሩ ከሥዕሉ በኋላ ይገባል። ሥራው ፈጠነ፤ ነገር ግን በስታን ሊና በጃክ ከርቢ መካከል «ማን ፈጠረው?» የሚል ክርክር ተነሳ፣ ለዓመታትም ዘለቀ። ጓደኛሞች ነን ብላችሁ በቃል ብቻ አትጀምሩ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ብድርን ስለመጻፍ መሆኑን እናስታውስ። በገንዘብ ላይ እንዲህ ከተባልን፣ የሰው ድካምና ስም ባለበት ሥራ ላይ መጻፍ እንዴት ይቀላል? ስክሪፕቱ ላይ የጸሐፊው ስም፣ የሠዓሊው ስም፣ ቀኑና የገቢው ድርሻ ይስፈር።

ታሪክ የሚያውቁ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየቀኑ እየተለዩን ነው። የድሬ ሼኽ ሑሴንን፣ የሐረርን፣ የየሰፈራችንን የቀድሞ መሻይኾች ታሪክ ከአፋቸው ሰምቶ በፓነል ከፋፍሎ ለማስቀመጥ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ሠዓሊ ባይገኝ እንኳ ጽሑፉ አይጠፋም፤ ነገ የሚስለው ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ አንድ ገጽ ጻፉ። ነገ ለአንድ ሠዓሊና ለአንድ ኡስታዝ አሳዩት።

አላህ እጃችሁን ይባርክ፣ ኒያችሁን ያሳምርልን። ወላሁ አዕለም።