በጥቂት ልጆች ላይ ስለሚደርሱ ሁለት ደዌዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ የምናከብራቸው ሰው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፥ ወንበር ብናቀርብላቸው ሳይቀመጡ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እናንተ በጋዜጣ የምትጽፉ ሰዎች፥ የእኅቴን ነገር ብትጽፉልኝ ምናልባት ባልዋ ያነበው ይሆናል» አሉን። ነገሩም እንዲህ ነው። እኅታቸው የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ልጁ ደረጃ ሲወጣ እጁን በጉልበቱ ላይ ይደግፋል፤ ሲሮጥ ይወድቃል፤ ከወደቀም በኋላ ሲነሣ አስቀድሞ በእጁና በእግሩ ይንበረከክና፥ ከዚያ በእጆቹ የገዛ ጭኑን እየተመረኮዘ፥ በራሱ ገላ ላይ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ይቆማል። የእግሩ ባት ግን ወፍራም ስለ ሆነ ዘመዶቹ ሁሉ «እንዴት ያለ ብርቱ ልጅ ነው!» ይሉ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ ደዌው ዱሼን የሚባል የጡንቻ መድከም መሆኑን ነገራቸው፤ በእናት በኩልም የሚወርድ መሆኑን ጨምሮ አስረዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባል ወገኖች «ከእርስዋ ዘር የመጣ ነው» እያሉ ስለሚናገሩ ቤቱ ሊፈርስ ተቃርቧል።

እኛ ሐኪም አይደለንም። ሥራችን በችሎት የተባለውን መጻፍ፥ የተጻፈውንም መገልበጥ ነው። ነገር ግን ማስረጃው ሁሉ ሳይሰማ በሰው ላይ መፍረድ የማይገባ መሆኑን በየቀኑ ስለምናይ፥ ተመራማሪዎች ስለዚህ ደዌ ያገኙትን ለማንበብ አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀመጥን። ያነበብነውንም ከዚህ በታች እናቀርባለን። ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር አድርገናል።

ደዌው ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከጊዮም ዱሼን ነው። ይህ ሐኪም በ1868 የ13 ሕሙማንን ታሪክ ሰብስቦ ጻፈ፤ ከሕያው ሰው ጡንቻ ቅንጣት ቁራጭ የምታወጣ መርፌም በብልሃት ሠርቶ፥ በሽተኛው ሳይሞት ጡንቻው ምን እንደ ሆነ በማጉያ መነጽር ተመለከተ። ከርሱ አስቀድሞ በ1852 ኤድዋርድ ሜርዮን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ደዌው በአንድ ቤት ወንድማማቾችን እየተከተለ እንደሚይዝ አስተውሎ ጽፎ ነበር፤ ስሙ ግን ተረሳ። በ1879 ደግሞ ዊልያም ጋወርስ የተባለው የሎንዶን ሐኪም ልጆቹ ከመሬት የሚነሡበትን ሁኔታ፥ ወዳጃችን እንደ ነገሩን አድርጎ ገለጸው። እስከ ዛሬም «የጋወርስ ምልክት» ይባላል። ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚወለዱ ወንዶች መካከል አንዱን የሚይዝ ሲሆን፥ ልጁ በ12 ዓመቱ ገደማ መራመድ ይተዋል፤ ኋላም ደዌው ወደ ልብና ወደ መተንፈሻ ጡንቻ ይደርሳል።

ምክንያቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ኖረ። በኦክቶበር 1986 በእንግሊዝ አገር የሚታተመው ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ሁለት ጽሑፎችን አከታትሎ አወጣ። የመጀመሪያው በገጽ 643፥ ሁለተኛው በገጽ 646 ይጀምራል። አንደኛው በሕፃናት ዓይን ውስጥ ስለሚወጣ ካንሰር፥ ሌላው ስለ ዱሼን የጡንቻ ደዌ ነው። ሁለቱም የተሠሩት በአሜሪካ በቦስቶንና በአጠገብዋ በምትገኘው በካምብሪጅ ከተማ ነበር። ዓይንና ጡንቻ ምን አገናኛቸው? የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገናኛቸው ሁለቱም ከጥቂት ልጆች በቀር የማይነኩ መሆናቸው፥ ሁለቱም የተገኙት ከተለመደው ሥርዓት ጥቂት የጎደለባቸውን ሕሙማን በመመርመር መሆኑ ነው።

አስቀድመን ስለ ዓይኑ እንናገር። በአገራችን ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሳንባ ደዌም ለሌላውም ስለሚነገር፥ እንዳይደባለቅ ካንሰር ብለን እንጽፋለን። ይህ የዓይን ካንሰር ሬቲኖብላስቶማ ይባላል፤ ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን፥ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ሳለ ይይዛል። በ1971 በሂውስተን ከተማ አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለ ሐኪም የ48 ሕፃናትን መዝገብ ይዞ ተቀመጠ። ሁለት ዓይናቸው የታመመ ልጆች ደዌው በጣም ቀድሞ እንደ ያዛቸው፥ አንድ ዓይን ብቻ የታመመባቸው ግን ዘግይቶ እንደ ያዛቸው አየ። ከዚህም የተነሣ፥ ካንሰሩ እንዲነሣ ሁለት ጥፋት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ሕፃን ግን አንደኛውን ጥፋት ይዞ ይወለዳል ሲል ደመደመ። ነገሩን በምሳሌ ብናደርገው በአንድ በር ላይ ሁለት ዘበኞች እንደ ማቆም ነው። ሁለቱ ሲጠፉ ሌባ ይገባል፤ ከመጀመሪያው አንድ ዘበኛ ብቻ ያለው ቤት ግን ቶሎ ይዘረፋል። ክኑድሰን ይህን ያገኘው በመዝገብና በቁጥር ብቻ ነው። መዝገብ ለምንይዝ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለ ሆነ ሳንጠቅሰው ማለፍ አልወደድንም። ከ15 ዓመት በኋላ ስቲቨን ፍሬንድ፥ ሮበርት ዋይንበርግና ታዴየስ ድራይጃ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ያን ዘበኛ ራሱን፥ ማለት ጂኑን፥ በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ አገኙት።

ጡንቻውን የያዘው የሉዊ ከንክል ጓድ ነበር፤ ስፍራውም በቦስቶን የሕፃናት ሆስፒታል ነው። እነርሱ የጀመሩት ኤክስ ከሚባለው ክሮሞሶሙ አንድ ቁራጭ ከጎደለው አንድ ልጅ ነው። የጤነኛ ሰው ዘርና የዚህ ልጅ ዘር እንዲጋጠሙ አደረጉ። የልጁ እጅግ የበዛ ስለ ሆነ፥ በሁለቱ ያለው እየተገናኘ ከወጣ በኋላ ብቻውን የቀረው፥ ከልጁ የጎደለው ክፍል ሆነ። የጎደለውን ለማወቅ ግልባጩን ከዋናው ጋራ ማስተያየት የጸሐፊዎች ሁሉ ልማድ ነው። በካናዳም በቶሮንቶ ሮናልድ ዎርተንና ባልንጀሮቹ፥ ይህ ደዌ ከያዛት ከአንዲት ሴት ልጅ ተነሥተው በሌላ መንገድ ወደዚያው ደረሱ። በ1987 ከንክልና ኤሪክ ሆፍማን ከጂኑ የሚወጣውን ነገር አግኝተው ዲስትሮፊን የሚል ስም ሰጡት። ዲስትሮፊን የጡንቻውን ቃጫ ከሽፋኑ ጋራ አያይዞ ይጠብቃል፤ የሌለ እንደ ሆነ ጡንቻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይቀደዳል።

ይህ ጂን ከሰው ጂኖች እጅግ ከረዘሙት አንዱ ሲሆን ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ፊደል አለው፤ ከነዚህም ለሥራ የሚነበቡት በ79 ምዕራፎች ተከፍለው ይገኛሉ። ንባቡ ሦስት ሦስት ፊደል እየተቆጠረ ነው፤ በመካከሉም ነጥብ የለም። አንባቢያችን እንዲረዳው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን፤ «እናት ልጇን አየች ሳመች»። ቃላቱ ሁሉ ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። አሁን ጸሐፊው ሦስተኛውን ቃል ቢዘለው «እናት ልጇን ሳመች» ይሆናል፤ ጎደለ እንጂ አልፈረሰም። ነገር ግን «ጇ» የምትለውን አንዲት ፊደል ብቻ ቢዘላት፥ ሦስት ሦስት እየቆጠረ የሚያነበው ሰው «እናት ልንአ የችሳ መች» ብሎ ያነባል። ትንሹ ስሕተት ከትልቁ የከፋ ሆነ! ብዙ ፊደል ጠፍቶባቸው ደዌው የሚቀልላቸው፥ ጥቂት ጠፍቶባቸው የሚከብድባቸው ሕሙማን መኖራቸው ሐኪሞችን ያስገርም ነበርና፥ በ1988 የከንክል ጓድ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ገለጠ። ንባቡ ያልፈረሰበት ቀላሉ ደዌ ቤከር ይባላል። በ1990 በእንግሊዝ አገር ከጂኑ 46 በመቶ የጎደለው ሰው በ61 ዓመቱ በእግሩ ሲሄድ ተገኝቷል።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ሕክምና ተወለደ። አንደኛው ስሕተቱን በሌላ መዝለል ማቃናት ነው። «ጇ» ከጠፋች «ል»ንና «ን»ንም ብንዘላቸው «እናት አየች ሳመች» ይሆናል፤ ማንን እንዳየች ባይታወቅም ይነበባል። በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤቴፕሊርሰን የተባለው መድኃኒት 51ኛውን ምዕራፍ እንዲህ ያዘልላል። የሚጠቅመው ግን ስሕተታቸው በዚያ አጠገብ ለሆነ ለ13 በመቶ ገደማ ሕሙማን ነው። የተፈቀደውም በ12 ልጆች ላይ ብቻ በታየ ነገር ስለ ሆነ፥ በተቆጣጣሪዎቹ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሁለተኛው፥ በማይጎዳ ቫይረስ አስጭኖ አጭር የተደረገ ጂን ወደ ጡንቻ መላክ ነው። ቫይረሱ ሊሸከም የሚችለው 5,000 ያህል ፊደል ስለ ሆነ ሙሉውን ማስጫን አይቻልም፤ ከላይ የተናገርንለት ሰው ግን ባጠረውም መሄድ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ይህ ሕክምና በ2023 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የወጣው ትልቁ ፈተና ግን ዋና ግቡን አልመታም፤ በ2025ም መራመድ የተዉ ሁለት ልጆች ከወሰዱት በኋላ ጉበታቸው ተበላሽቶ ስለ ሞቱ፥ ለማይራመዱ ሕሙማን መላኩ ተቋረጠ። ይህን የምንጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ገንዘብ ያለው ወላጅ ከባሕር ማዶ የሰማውን ሁሉ ለመግዛት ቤቱን እንዳይሸጥ ነው።

የተፈተነውና ዋጋው የማይከብደው ሌላ ነው። ፕሬድኒሶን የሚባለው ክኒን ጡንቻውን እንደሚያበረታ በ1989 ተመስክሯል፤ መራመድንም ያራዝማል። ክብደት ይጨምራል፥ ቁመት ያሳጥራል፥ አጥንት ያሳሳል፤ ስለዚህ ከሐኪም ጋራ ይወሰዳል፤ በድንገትም አይቋረጥም። የልብ መድኃኒት በጊዜው መጀመርና በሌሊት የሚያስተነፍስ መሣሪያ ሲጨመሩበት፥ ቀድሞ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ ሠላሳን ያልፋሉ።

አሁን ወደ ወዳጃችን እኅት ነገር እንመለስ። ወንድ ልጅ ኤክስ የሚባለውን ክሮሞሶም አንድ ብቻ፥ እርሱንም ከእናቱ ይቀበላል፤ ይህ እውነት ነው። ስሕተቱን የተሸከመች እናት ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ ለመታመም፥ ሴቶቹም እያንዳንዳቸው ለመሸከም እኩል በእኩል ዕድል አላቸው። ነገር ግን ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ስሕተቱ አዲስ ነው፤ የእናቲቱ ደም ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ተሸካሚ ብትሆንም እንኳ ስሕተቱ መጀመሪያ የተነሣው ከአባትዋ ዘር ሊሆን ይችላል። «የሴት ወገን» የሚሉት ሁሉ ይህን አያውቁም። ስለ ዓይኑ ካንሰር ደግሞ ቢጠይቁ፥ ከልጁ ጋራ የሚወለደው አዲስ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአባት በኩል ነው። ታዲያ በዚያ ደዌ ባልን ከቤቱ እናስወጣውን? የደም ምርመራው የሚጠቅመው ለወቀሳ ሳይሆን፥ ለእኅቶችዋና ለሴቶች ልጆችዋ እንዲያውቁት፥ ለእርስዋም ልብዋን እንድትመረመር ነው፤ ተሸካሚ ሴቶች ልባቸው ሊደክም ይችላልና።

«ለጥቂት ልጆች ይህ ሁሉ ድካምና ገንዘብ ለምን?» የሚሉም አሉ፤ ይህንንም ከታላላቅ ሰዎች አፍ ሰምተናል። ያ የዓይን ዘበኛ በብዙ ሌሎች ካንሰሮች ውስጥም ሥራውን ተከልክሎ ተገኝቷል። በ2015 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው ይህ ዘበኛ ከበሩ እንዳይነቃነቅ በማድረግ ነው። በጥቂት ሕፃናት ዓይን የተጀመረው ምርመራ ለብዙ እናቶች ደረሰ።

ሳንረሳ አንድ ነገር ለወላጆች እንናገር። በሕፃኑ ዓይን ብሌን ውስጥ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ ነጭ ነገር ቢታይ፥ ወይም በመብራት በተነሣ ፎቶግራፍ አንዱ ዓይን ቀይ፥ ሌላው ነጭ ሆኖ ቢወጣ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ። በ2020 የወጣና ከ153 አገሮች 4,351 ሕሙማንን የቆጠረ ጥናት እንዳስረዳው፥ በባለጸጋ አገሮች ደዌው የሚታወቀው ልጁ 14 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ በድሆች አገሮች ግን 30 ወር ሲያልፈው። በነዚህም በእኩሌቶቹ ገደማ ካንሰሩ ከዓይን ወጥቶ ተገኝቷል። መድኃኒቱ ስላልታወቀ አይደለም፤ ልጁ ዘግይቶ ስለ መጣ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማተሚያ ቤት ከመላካችን በፊት ለወዳጃችን አነበብንላቸው። ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙና፥ ስለ ዘበኞቹ የጻፍነው አጥር ምጥን ብሎ ስለ አባት ዘር የጻፍነው ቢረዝም ይሻል ነበር አሉን። የእኅታቸው ደም ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ተልኳል፤ መልሱ ገና አልመጣም። ልጁም ክኒኑን ጀምሯል፤ ከትናንት በስቲያ አባቱ ራሱ ወደ ሐኪም ቤት ይዞት ሄዶ ነበር ብለውናል።