«አገሬ ነው፣ እሄዳለሁ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በእረፍታችን አሥራ አራት ሆነን እንሂድ፣ ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር እናክብር የሚል። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «የገዛ አገራችን ነው፤ ማንን ፈርተን ነው የማንሄደው?» አለ። ሌላዋ «ሰው እየሞተ እናንተ ፎቶ ልትነሱ ነው?» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሐሳብ ስለሌለኝ አይደለም። ጎንደር ውስጥ አያትና አክስት አሉኝ፤ አፌን ከከፈትኩ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው። ስለዚህ ልጻፈው። አማርኛዬን የተማርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ከእናቴ ነውና ስህተት ካገኛችሁ እለፉኝ።

መጀመሪያ የምናውቀውን እናስቀምጥ። በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተባባሰ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለስድስት ወር የተባለው በአራት ወር ተራዘመ። በዚያ ሰሞን ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላና ወደ ባሕር ዳር የሚደረጉ በረራዎች ተቋርጠው ነበር። የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘግቶ ስለነበር አክስቴን በዋትሳፕ ማግኘት አልቻልንም። አዋጁ አበቃ፣ ውጊያው ግን አላበቃም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ከአራቱ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ሲያስቀምጥ፣ አማራ ክልልን ደግሞ ጭራሽ «አትሂዱ» ከሚላቸው ቦታዎች ጋር ቆጥሮታል።

ሆኖም «እንሂድ» የሚሉትን ማጣጣል አልፈልግም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ከእናቴ ጋር ላሊበላ ሄጄ ነበር። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ያስጎበኘን ሰው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ጠርዝ ላይ ቆሜ ስፈራ እጄን ይዞኝ እንደነበር አልረሳም። እናቴ እስከ ዛሬ ትደውልለታለች። ኮሮና መጣ፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ ይኸኛው። ኑሮው ሙሉ በሙሉ በእንግዳ ላይ የተመሠረተ ሰው ነው። የሚለው አጭር ነው፦ «ኑ። እናንተ ልጆቻችን ከቀራችሁ ሌላ ማን ይመጣል?» ለዚህ ጥያቄ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ መልስ የለም። ደግሞም ያ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው እዚያ ዘመድ ለሌለው መንገደኛ ጭምር ነው። እኛ ግን የትኛው ሰፈር፣ የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ቀን ብለን የምንጠይቀው ሰው አለን።

እኔም ጠየቅሁ። አክስቴ «አትምጪ» አላለችኝም። እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «ልጄ፣ ብትመጪ ደስታውን አልችለውም። ግን አንቺ ስትመጪ ሰፈሩ ሁሉ ‹ከአሜሪካ እንግዳ መጣላቸው› ይላል። አንቺ ከተመለስሽ በኋላም ይላል።»

ነገሩ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። በክልሉ ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የተለመደ ችግር ሆኗል። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ። የአክስቴ ልጆች ግን ዶላር የሚልክ ዘመድ እንዳላቸው እየታወቀ በዚያው መንገድ ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ።

በነርሲንግ ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ወደ ወደቀው ሰው ከመሮጣችሁ በፊት ቦታው ለእናንተም አደጋ እንደሌለው እዩ። ረዳቱ ከወደቀ ታካሚው ሁለት ይሆናል። ሌላም ተምረናል፤ አደጋ ያለበትን ነገር መፍቀድ የሚችለው አደጋው የሚደርስበት ሰው ነው። «የራሴን ኃላፊነት ራሴ እወስዳለሁ» የሚለው ክርክር ለእኔ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ኃላፊነቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የሚቀበለን፣ የሚያሳድረን፣ አውሮፕላን ማረፊያ መጥቶ የሚጠብቀን ሰው ሳይጠየቅ ድርሻውን ይወስዳል።

ችግሩን ያባባሰው ሌላ ነገርም አለ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ካደረገ ወዲህ፣ ቲኬት መቁረጥ ራሱ ድምፅ እንደ መስጠት ሆኗል። የሄደው «መንግሥትን ደገፈ» ይባላል፤ የቀረው «አገሩን ከዳ» ይባላል። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ጉዞው ስለ እኛ ስለሚናገረው ነገር ነው። አክስቴን የጠየቃት የለም።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። የታመመ ሊጠይቅ ወይም ወላጁን ሊቀብር የሚሄድን ሰው ማናችንም የመፍረድ መብት የለንም፤ እሱ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። አሥራ አራት ተማሪ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ በማኅበራችን ስም፣ ለበዓል የሚሄድበት ጉዞ ግን ዘንድሮ ይቅር።

ይቅር ስንል ግን እዚያ ላይ አናቁም። «ሰው እየሞተ» ብለን የተከራከርነው ሰዎች ጉዞው ሲቀር ንጹሕ ሆነን የምንተኛ ከሆነ ክርክራችን ስንፍና ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለጉዞው ከምናዋጣው ላይ ትንሽ አንሥተን ያንን አስጎብኚ በስልክ ስለ ላሊበላ እንዲያስተምረን እንጠይቀው፤ የሙሉ ቀን ዋጋውንም እንክፈለው። ምጽዋት አይደለም፣ ሥራው ነው። ኔትወርክ እምቢ ካለ ሌላ ቀን እንሞክራለን። ለእሱ «ኑ» መልሳችን ይህ ብቻ መሆኑ ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ከዝምታ ግን ይሻላል።

አንድ ነገር ደብቄ መጨረስ አልፈልግም። አያቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። እናቴ በጥር ብቻዋን ትሄዳለች፤ ከአክስቴ ጋር ተመካክረው የወሰኑት ነው። እኔ እዚህ እቀራለሁ። አያቴን ዳግመኛ ሳላያት ልትሞት እንደምትችል አውቃለሁ፤ ያኔ ይህን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ የማነበው አይመስለኝም። ባለፈው እሑድ ግን በስልክ «ተሳሳትኩ ወይ?» ብዬ ስጠይቃት አያቴ የመለሰችልኝ ሌላ ነው፦ «ትምህርትሽን ጨርሺ። ስትመጪ ግፊቴን ትለኪኛለሽ።»

የግፊት መለኪያውን በእናቴ ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አጠቃቀሙን ለአክስቴ በአማርኛ ጽፌላታለሁ። ሐሳቤን የምትቃወሙ ካላችሁ፣ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገር። በዚህኛው ዝም አልልም።