የፍሬ ጭማቂን በጠርሙስ አሽጎ በጓዳ ስለ ማኖር

የፍሬ ወራት ሲሆን ከቆላ ወደ ራቤል ገበያ የሚወጣው ሎሚና ብርቱካን በርካሽ ይገኛል፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ያው ሎሚ ለሕመምተኛ እንኳ ተፈልጎ ይታጣል። ስለዚህ አንዲት ብልህ የቤት እመቤት ጭማቂውን በጠርሙስ አሽጋ በጓዳዋ ለማኖር ብታስብ ሐሳቧ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። እኛ የምንነቅፈው፣ ለቆላ አገር የተጻፈውን የአሠራር መመሪያ ቀድቶ በዚህ ደጋ ላይ እንዳለ መፈጸምን ነው።

ውሃ በባሕር ዳርቻ አገር የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር ግን የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ እስከ 3,000 ሜትር በሚደርሰው በመንዝና በግሼ ደጋ ውሃው ተንተክትኮ ብናየውም ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ባቄላ የምትቀቅል እናት ሁሉ ይህን በማገዶዋ ታውቀዋለች። ስለዚህ እስከ አንድ ሊትር የሚይዝ የኮምጣጣ ፍሬ ጭማቂ ጠርሙስ በባሕር ዳርቻ 5 ደቂቃ ቢበቃውም፣ ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ 15 ደቂቃ ሙሉ መፍላት ይገባዋል። ጠርሙሱ አስቀድሞ ታጥቦ የተቀቀለ፣ ክዳኑ አዲስ፣ ጭማቂው ትኩስ ሳለ የተሞላ፣ ውሃውም ክዳኑን አልፎ ሁለት ጣት ያህል የሸፈነው ይሁን። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም።

አንዳንድ ሰዎች፣ «እናቶቻችን ጠላውንም ቋንጣውንም ደቂቃ ሳይቆጥሩ አኑረውልን የለምን?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። ቋንጣን የሚጠብቀው መድረቁ፣ ጠላን የሚጠብቀው አልኮሉና ኮምጣጣነቱ ነው። የታሸገ ጭማቂ ግን እርጥብ እንደ ሆነ አየር ተነፍጎት ይቀመጣል። አየር በሌለበት የሚያድግ ቦቱሊነም የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ አለ፤ እንደ ዘር ሆኖ የሚያደባው ክፍሉ በፈላ ውሃ አይሞትም፤ እንዳይበቅል የሚያግደው የፍሬው ኮምጣጣነት ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ኮሽምና እንጆሪ ይህ ኮምጣጣነት አላቸው። ፓፓያ፣ ሙዝና አቮካዶ ግን የላቸውም፤ ስለዚህ በየከተማው ጭማቂ ቤት ስፕሪስ እየተባለ የሚጠጣውን በጠርሙስ አሽጎ ማኖር በእኔ አስተያየት ጨርሶ መከልከል ያለበት ነው። እርሱ በተጨመቀበት ቀን ይጠጣ። የዚህ ተሐዋሲ መርዝ ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ የያዘውን ሰው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳየዋል፣ የዓይኑን ቆብ ያወርዳል፣ መዋጥንና መተንፈስን ይከለክለዋል። ክዳኑ ያበጠ ወይም ሲከፈት የሚገነፍል ጠርሙስ ቢገኝ «እስቲ ልቅመሰው» ሳይባል ሰውና ከብት ከማይደርሱበት ይቀበር።

ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ስለዚህ ጥበብ መጽሐፉን ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810 ሲሆን፣ ፓስተር የተሐዋስያንን ሥራ ገና ሳይገልጥ ነበር። እርሱ ምክንያቱን ሳያውቅ በትጋቱ ብቻ ምግብ ጠበቀ፤ እኛ ምክንያቱን እያወቅን ብንሰንፍ ያሳፍራል።

ስኳር መጨመር ጭማቂውን ለማቆየት ግድ አይደለም። ማር የገባበትን ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን መስጠት አይገባም፤ የዚሁ ተሐዋሲ ዘር በማር ውስጥ ሊገኝ ይችላልና።

የቀረው የማገዶ ነገር ነው። ኩበት በሚነድበት አገር ለሦስት ጠርሙስ ብሎ አንድ ትልቅ ድስት ውሃ ማፍላት ኪሳራ መሆኑን አንክድም። ይልቁንም ጎረቤታሞች ቀን ቆርጠው፣ ለድግስ በሚጣደው ድስት ሥር ጨርቅ አንጥፈው፣ የሁሉንም ጠርሙስ በአንድነት ቢያፈሉ ማገዶው ይቆጠባል፤ ሰዓት ያለውም ሰው ደቂቃውን ይጠብቅላቸዋል። ቆጠራው የሚጀመረው ውሃው ከፈላ በኋላ እንጂ እሳቱ ሲለኮስ አይደለም። በየጠርሙሱም ላይ የፍሬው ስምና የታሸገበት ቀን ይጻፍበት፤ ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ ተቀምጦ ዓመት ሳይሞላው ይጠጣ።