ዳኛው ዳይሱ ሳይጣል ይናገር

ገጸ ባሕርይ እየሆኑ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ደንቡ ባነሰ ቁጥር ነጻ ይሆናል የሚሉ ወገኖች አሉ። ነጻነቱ የማን ነው? የሁሉ ወይስ የአንዱ ዳኛ?

በ1876 እ.ኤ.አ. የፕሩስያው መኮንን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ ከጦር ጨዋታ ዳይስንና ሠንጠረዥን አውጥቶ ፍርዱን ለዳኛው ልምድ ተወ። መልካም፤ እርሱስ ጦርነት የዋለ ሰው ነበረ። የእኛ ዳኛ ከየትኛው ዘንዶ ጋር ተዋግቶ ያውቃል?

«ገደሉን እዘላለሁ» ላለ ተጫዋች «ወደቅህ» ብሎ መመለስ ፍርድ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ዳኛው ዕድሉንና ጉዳቱን አስቀድሞ ይናገር፤ ተጫዋቹም ሰምቶ ይድፈር ወይም ይተው። ለዚህ የሕግ ጥራዝ አያስፈልግም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ለወጣው «አፖካሊፕስ ወርልድ» ሁለት ዳይስና ሦስት መስመር በቅተውታል፦ 10 እና ከዚያ በላይ ይሳካል፣ ከ7 እስከ 9 ዋጋ ያስከፍላል፣ ከዚያ በታች ችግር ይመጣል። ዳይሱም በገሃድ ይጣል!