ሰፊ ጎማ በበረዶ ወራት



በዳንፎርዝ ጎዳና ባሉት ምግብ ቤቶቻችን ደጃፍ ከሚቆሙት መኪኖች መካከል ከመሬት ከፍ ተደርገው፣ ጎማቸው ከፓራፋንጎው ወጥቶ የሚታዩ የመስክ መኪኖች አሉ። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው ወጣቶቻችን ናቸው። ላባቸውን አፍስሰው የገዙት ነውና ለምን አማረባችሁ አንልም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በረዶ ሲጥል ይህ ሰፊ ጎማ ያስቆማል ወይ?

የአንድ ወዳጄ ልጅ ባለፈው ዓመት ከባሪ ወደ ቶሮንቶ ሲመለስ፣ በ400 አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን ቢይዝ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ገባ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ነፍሱ ተርፋለች። አባቱ «አራቱም ጎማ ይጎትታል ብለኸኝ አልነበረም?» ቢለው መልስ አጣ። መልሱ ግን ቀላል ነው። የአራቱ ጎማ መጎተት ለመነሣት ይረዳል። ለመቆም ሲሆን ግን ትንሿም መኪና በአራቱም ጎማ ፍሬን አላት፤ ብልጫ የለም። እንዲያውም ከፍ የተደረገ መኪና ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ለመገልበጥ ይቀርባል።

የመኪናው ክብደት በጠባብ ጎማ ላይ ሲያርፍ፣ ጎማው በረዶውን ሰንጥቆ አስፋልቱን ይነካል። ሰፊው ክብደቱን ስለሚበትነው ውሃ ባዘለ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። አገር ቤት በክረምት ጭቃ ይሄዱ የነበሩትን ላንድክሩዘሮች አስታውሱ፤ የብዙዎቹ ጎማ ቀጭንና ረጅም ነበር። ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን መሬት እንዲይዝ ነው።

«አይስላንዶች በሰፊ ጎማ በረዶ ያቋርጡ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እነሱ ግን አየሩን በጣም አስተንፍሰው፣ መንገድ በሌለበት በጥልቅ በረዶ ላይ ነው የሚሄዱት። እኛ የምንውለው በረዶው በሚጠረግበትና ጨው በሚበተንበት በ401 ላይ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ለበረዶ ወራት ሌላ ጎማ በራሱ ቸርኬ ይኑራችሁ። በጎማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው፣ ለምሳሌ 285፣ ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፤ ከፍታው ሳይለወጥ ከዚያ ጠበብ ያለውን ጎማይስታውን ጠይቁ። የሚሸከመው ክብደት ከመኪናው እንዳያንስ ይታይ። በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ይኑረው፤ ተራው ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃልና። ግልጥ በሆነ በረዶ ላይ ከስፋቱ ይልቅ የጎማው ዓይነት ነው የሚያድነው።

ኩቤክ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አጋማሽ የበረዶ ጎማ በሕግ ታስገድዳለች። በኦንታሪዮ ግን ለእኛው ፈቃድ ተትቷል። ሆኖም ከ2016 ጀምሮ የመኪና ኢንሹራንሶች የበረዶ ጎማ ለሚያስገባ ደንበኛ ቅናሽ እንዲሰጡ ታዘዋል፤ ጠይቁ።

ወላጆችም ልጆቻችሁን ከመቆጣት በፊት ይህን አስረዷቸው። በበጋ እንደ ወደዱ ያስፉት። በበረዶ ግን ጎማ ማስፋት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።