ሴት ልጅ የጎደለችበት መንደር

በዛሬው ጽሑፋችን በሰሜን ሕንድ ወደሚገኙት የሃርያና ግዛት የገበሬ መንደሮች እንሄዳለን። ሃርያና ዋና ከተማዋን ዴልሂን በሦስት አቅጣጫ የከበበ፣ በስንዴና በሩዝ ምርቱ የታወቀ ለም ግዛት ነው።

በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕንድ ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚህ ውስጥ ወደ 833 ሚሊዮን የሚሆነው የሚኖረው በ640 ሺህ ገደማ መንደሮች ነበር። በ2023 ደግሞ አገሪቱ ቻይናን አልፋ በሕዝብ ብዛት ከዓለም አንደኛ መሆኗን የተባበሩት መንግሥታት ግምት አመለከተ። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር «ሰው ጎደለ» ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ጎድሏል። የጎደሉትም ሴቶች ልጆች ናቸው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ የመንደሩን ውሎ እንመልከት።

ከንጋት እስከ ምሽት

በሃርያና መንደር ከሁሉ ቀድማ የምትነሣው ሴቲቱ ናት። ገና ሳይነጋ ጎሾቹን ታልባለች፤ በዚያ አገር ጎሽ እንደ ላም የቤት እንስሳ ነው። ወተቱን ትንጣለች፣ ቅቤውን ታነጥራለች፣ አሬራው ለቁርስ ይሆናል። እበቱን ጠፍጥፋ ኩበት ታደርጋለች። ሮቲ የሚባለውን ስስ የስንዴ ቂጣ ጋግራ ቤተሰቡን ካበላች በኋላ ማጭድ ይዛ ለከብቶቹ መኖ ለማጨድ ወደ እርሻ ትወርዳለች። በመንገድ ላይ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ጋያ ሲያጨሱ ስታገኝ፣ ለባልዋ ታላላቆች አክብሮት ለማሳየት ሻሿን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ወንዱም ሥራ ፈት አይደለም። በኅዳር ስንዴ ይዘራል፣ በሚያዝያ ያጭዳል፤ ክረምቱ ሲገባ ሩዝ ይተክላል። ከጉድጓድ ውኃ የሚስበው ፓምፕ የሚሠራው መብራት ሲመጣ ስለሆነ፣ ብዙ ሌሊት የሚያድረው በማሳው ላይ ነው። ቤት ሲገባ ግን ሥራው አብቅቷል፤ የእርስዋ ገና ነው።

በ2019 በመላው ሕንድ የተደረገ የመንግሥት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ክፍያ የሌለውን የቤት ሥራ ከሚሠሩት መካከል ሴቶቹ በቀን በአማካይ 299 ደቂቃ ሲያውሉበት፣ ወንዶቹ ያዋሉት 97 ደቂቃ ነው። ያውም በዕለቱ የቤት ሥራ የነካው ወንድ ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበር።

የሰው ገንዘብ

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምትሠራ ሴት ስትወለድ ቤቱ ደስ ሊለው አይገባም ነበር? በእነዚህ መንደሮች ልማድ ግን ወንድ ሲወለድ የነሐስ ሳሕን እየተመታ ለጎረቤት ይበሠራል። ሴት ስትወለድ ሳሕኑ ዝም ይላል። ለወንድ ልጅ እልልታ የሚበዛበትን የአገራችንን ልማድ ለምናውቅ ይህ እንግዳ አይሆንብንም።

ምክንያቱ ከጋብቻው ሥርዓት ይጀምራል። ሴት ልጅ የምታገባው ከሌላ መንደር ነው፤ ካገባች በኋላ የምትኖረውም የምትሠራውም ለባልዋ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከልጅነቷ ጀምሮ «የሰው ገንዘብ» ትባላለች። ወላጆችን በእርጅና የሚጦረው ወንድ ልጅ ነው ተብሎ ይታመናል።

በዚህ ላይ ጥሎሽ አለ። በእኛ አገር ጥሎሽ የሚያመጣው ሙሽራው ሲሆን፣ በዚያ ግን የሚከፍለው የሙሽራዋ አባት ነው። በ1961 በሕግ ቢከለከልም ልማዱ አልጠፋም።

ሌላው መሬት ነው። በሕንድ የአንድ ገበሬ አማካይ ይዞታ በ1970 እና 71 ከነበረበት 2.28 ሄክታር፣ በ2015 እና 16 ወደ 1.08 ሄክታር ወርዷል። ልጆች ሲበዙ ማሳው እየተሸነሸነ ስለሚሄድ ቤተሰቦች ጥቂት ልጆች መውለድን መረጡ። ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው የጤና ጥናት አንዲት ሕንዳዊት በአማካይ የምትወልደው ሁለት ልጆች ብቻ ነበር። ቀድሞ ወንድ እስኪመጣ ድረስ ሴቶች ልጆች ይወለዱ ነበር። አሁን ግን ሁለት ብቻ ከተባለ፣ «አንዱ የግድ ወንድ ይሁን» የሚለው ሐሳብ የሴቷን ቦታ አጠበበው።

ቁጥሩ የተናገረው

ከዚያም የአልትራሳውንድ መሣሪያ መጣ። የፅንሱን ጤና ለማወቅ የተሠራው መሣሪያ፣ ሴት መሆኗ የታወቀችውን ፅንስ ለማስወረድ ዋለ። በ1994 የፅንስን ፆታ መንገር የሚከለክል ሕግ ቢወጣም፣ ጉዳዩ በሹክሹክታ ቀጠለ።

ሹክሹክታው ግን ከቆጣሪ አልተደበቀም። ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በማይበልጥ የሕንድ ሕፃናት መካከል፣ በ1961 ለ1000 ወንዶች 976 ሴቶች ነበሩ። በ2011 ቁጥራቸው ወደ 919 ወረደ። በሃርያናማ 834 ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሴቶች ልጆች የቀነሰ ጦርነት ወይም ረሃብ የለም። ውሳኔው የተወሰነው በጓዳ፣ በባልና በሚስት መካከል፣ ብዙ ጊዜም በአማት ግፊት ነው።

የተዘራው ደግሞ በቅሏል። ወንዶች ልጆች አድገው ለጋብቻ ሲደርሱ በአካባቢው ሙሽራ ታጣ። ቤተሰቦችም እንደ አሳምና ምዕራብ ቤንጋል ካሉ ሩቅ ግዛቶች ሙሽሮችን ማምጣት ጀመሩ። ለአገናኝ ደላላ ይከፈላል። ልጅቷ ቋንቋውን አታውቅም፣ ምግቡን አለመደችም፣ ስትበደልም የምትሮጥበት የአባት ቤት በቅርብ የለም። ጎረቤት «የተገዛች» የሚል ስም ይለጥፍባታል። ሴት ልጅን ሸክም ናት ያለ መንደር፣ የሌላ ሰው ሴት ልጅ ፍለጋ አገር አቋርጦ ሄደ።

111 ዛፎች

ይህ ሁሉ የማይለወጥ ዕጣ ነውን? አይደለም። የፅንስ ፆታን በሚናገሩ ላይ ክትትል ሲጠብቅና ዘመቻ ሲደረግ፣ በ2014 በሃርያና ለ1000 ወንዶች ልደት 871 የነበረው የሴቶች ልደት በ2019 ወደ 923 ከፍ ብሏል። በ2024 ግን ወደ 910 ተመልሷል። ሕግ ብቻውን ልብን አይለውጥም ማለት ነው።

ከሃርያና በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በራጃስታን ግዛት ደግሞ ፒፕላንትሪ የሚባል መንደር አለ። አካባቢው የእብነ በረድ ቁፋሮ ያራቆተው፣ ውኃው የራቀ ነበር። የመንደሩ ሊቀመንበር የነበሩት ሽያም ሱንደር ፓሊዋል ወጣት ልጃቸው በሞት ስትለይ በስሟ ዛፍ ተከሉ። ከዚያም በመንደሩ ሴት ልጅ በተወለደች ቁጥር 111 ችግኞች እንዲተከሉ ተስማሙ። ነዋሪዎቹ 21 ሺህ፣ አባት ደግሞ 10 ሺህ ሩፒ አዋጥተው በልጅቷ ስም በዝግ ሒሳብ ያስቀምጣሉ። ወላጆች እንደሚያስተምሯትና ዕድሜዋ ለጋብቻ ሳይደርስ እንደማይድሯት ይፈርማሉ። ዛፎቹን ምስጥ እንዳይበላቸው በዙሪያቸው እሬት ተተከለ፤ የእሬቱም ውጤት ለመንደሩ ሴቶች የገቢ ምንጭ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የፒፕላንትሪ ሰዎች ሴት ልጅን ውደዱ ብለው ብቻ አላለፉም። አባትን የሚያስፈራው የጥሎሽ ገንዘብ ስለሆነ ገንዘቡን አብረው አዋጡ፤ ልደቷ በዝምታ ያልፍ ስለነበር መላው መንደር ወጥቶ እንዲተክል አደረጉ። የአንድ ቤት ፍርሃት የሁሉ ሸክም ሲሆን ቀለለ።

ባልና ሚስት አብራችሁ ተወያዩ

1. በቤታችሁ ወንድ ልጅ ሲወለድና ሴት ልጅ ስትወለድ የተነገረው ቃል አንድ ዓይነት ነበር?

2. ባለፈው ሳምንት ሴት ልጃችሁና ወንድ ልጃችሁ በቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ሠሩ? ስንት ሰዓትስ አጠኑ? ገምታችሁ ሳይሆን ቆጥራችሁ ተነጋገሩ።

3. ከጎረቤታችሁ ሴት ልጅ የተወለደላቸውና ፊታቸው ያልፈካ ወላጆች ቢኖሩ፣ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?