ካፒቴን ከመምረጣችሁ በፊት ብሩን መልሱ

በዚህ እትም የምጽፈው ስለ ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ነው። “ይኼ ለጀመዓ ጋዜጣ ምን ያደርጋል?” የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ዓርብ ከጁሙዓ ስንወጣ መስጊዱ በር ላይ ከኹጥባው ይልቅ የካፒቴን ምርጫ የሚወራ ከሆነ ጉዳዩ ጀመዓው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ ገንዘብ 15 ተጫዋቾች ትገዛላችሁ። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መውሰድ አይቻልም። በየሳምንቱ 11 ታሰልፋላችሁ፣ አራቱ ተጠባባቂ ይሆናሉ፣ የካፒቴኑ ነጥብ በእጥፍ ይቆጠራል። መግቢያው ነጻ ነው። እስከዚህ ድረስ በእኔ በኩል ችግር አይታየኝም፤ እንዲያውም ጭንቅላት ያሠራል። ችግሩ እኛ ከጨመርንበት ነገር ነው የሚመጣው።

አስቀድሜ ስለ አሰላለፉ ልበል፤ ብዙዎቻችን በልባችን ነው የምናሰልፈው። ሳላህን እንውሰድ። በ2017/18 በሊጉ 32 ጎል አስቆጥሮ 303 የፋንታሲ ነጥብ አመጣ። በ2024/25 ደግሞ 29 ጎል አግብቶ፣ 18 ጎል አመቻችቶ 344 ነጥብ ደረሰ፤ ከዚያ በፊት ማንም ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ያላገኘው ነጥብ ነው። በዚያ ዓመት እሱን ካፒቴን አድርጎ ስልኩን የዘጋ ሁሉ ሊቅ ይመስል ነበር። በቀጣዩ ዓመት መነሻ ዋጋው 14.5 ሚሊዮን ሆነ፤ ኅዳር 2018 ላይ ግን ለሦስት ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች ከመጀመሪያው አሰላለፍ ውጭ ተደረገ። ያኔም ካፒቴንነቱን ያልነጠቁት የዶርማችን ልጆች ነበሩ። “ወንድማችን ነው” ይላሉ። ወንድማችን መሆኑማ እውነት ነው። ወንድምን መውደድና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማሰለፍ ግን ለየቅል ናቸው።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው “ጎል ያገባል ወይ?” ብዬ ሳይሆን “60 ደቂቃ ይጫወታል ወይ?” ብዬ ነው። 60 ደቂቃ የሞላ 2 ነጥብ አለው፣ ከዚያ በታች የተጫወተ 1 ብቻ። ተከላካይ ቡድኑ ላይ ጎል ካልተቆጠረ የሚያገኘውን 4 ነጥብም የሚወስደው 60 ደቂቃ ከሞላ ነው። ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ ኳስ በማስጣል፣ በማቋረጥ፣ በማራቅና ምት በመከለል 10 የደረሰ ተከላካይ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። ስለዚህ ሲጠቃ የሚውል የደካማ ክለብ ተከላካይ፣ ማንም ስሙን ባያነሳውም፣ አንዳንዴ ከዝነኛው ይሻላል።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። በየዶርሙ ሊግ ተከፍቷል፤ 20 ልጅ 200፣ 200 ብር ያዋጣል፣ በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ የወጣው 4000 ብሩን ይወስዳል። “ቁማር አይደለም፣ በችሎታ ነው” የሚል መልስ ሁሌም አለ። ፈትዋ የመስጠት ዕውቀት የለኝም፤ መድረሳ የቀራሁትና ከኡስታዞች የሰማሁት ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም ከኪሱ አውጥቶ አንዱ የሌሎቹን የሚወስድ ከሆነ ችሎታው ነገሩን ሐላል አያደርገውም።

ደግሞስ ችሎታው ስንት ነው? እስቲ እንደ ምህንድስና ተማሪ እናስላው። የእናንተ ካፒቴን በአንድ ጨዋታ ጎል የማግባት ዕድሉ 40 በመቶ፣ የጓደኛችሁ ካፒቴን 35 በመቶ ነው እንበል። እናንተ በትክክል መርጣችኋል። ከ100 ሳምንት በ26ቱ የእናንተ ብቻ ያገባል፣ በ21ዱ የእሱ ብቻ ያገባል፣ በቀሪዎቹ 53 ሁለቱም ያገባሉ ወይም ሁለቱም ባዶ ይወጣሉ። ወደ 38 ሳምንት ስታወርዱት 10 ለ8 አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተሻለ የመረጠ ሰው ትርፉ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ አንድ የጡንቻ ጉዳት ያጠፋዋል። ይህንን “ችሎታ” ብሎ 200 ብር ማስያዝ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሌላው “ዕቁብ ማለት ነው” ይላል። ዕቁብ ውስጥ ያስገባኸውን ያህል ተራህ ሲደርስ ታወጣለህ፤ እዚህ 19 ሰው ተራው አይደርስም። እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ስለሆንኩ ደግሞ የሚያነሱብኝ ሽንኩርትን ነው፤ “ገበሬውስ ዋጋውን ሳያውቅ ይዘራ የለ?” እያሉ። ልክ ነው፣ የሮቢን ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ዋጋ ሲወድቅ ከነማዳበሪያ ወጪው ይከስራል። ግን የእሱ ትርፍ የጎረቤቱን ኪሳራ አይጠይቅም፤ ከስሮም ቢሆን አንድ ቤት ወጥ ሠርቷል። 4000 ብሩ ግን ከ20 ኪስ ወጥቶ አንድ ኪስ ገባ እንጂ የበቀለ ነገር የለም።

ሱረቱል ማኢዳ 90 ላይ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር ነው የተጠቀሰው። ቀጣዩ አንቀጽ ምክንያቱን ሲያነሳ ጠብንና ጥላቻን፣ ከዚያም ከዚክርና ከሶላት መዘናጋትን ይጠቅሳል። ጠቡን አይተነዋል፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ዶርም ብሩን የያዘው ልጅ ግማሹን አጥፍቶት ተገኝቶ ሁለት የአንድ አገር ልጆች እስከ ክረምት ሰላምታ አልተለዋወጡም።

ሶላቱን ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ይናገራል። የአሰላለፍ መዝጊያው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ዓርብ ማታ ጨዋታ ካለ፣ በእንግሊዝ የክረምት ሰዓት አቆጣጠር፣ በእኛ ከምሽቱ 3:30 ይሆናል። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት እዚያው ውስጥ ነው የሚወድቀው፤ 3:30 ማለት ተራዊሕና ዊትር የሚያልቁበት አካባቢ ነው። የኋላ ሰፍ ላይ በሁለት ረከዓ መካከል የሚበሩ ስልኮችን ያላየ የለም። ሚያዝያ 2013 ላይ ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ መግሪብ ሲገባ ጨዋታው ለአፍታ ቆሞ ፎፋና ሜዳ ላይ አፍጥሯል። ተጫዋቹ ለጾሙ ጨዋታ ሲያስቆም፣ የእኛ ልጅ እሱን ለማሰለፍ ተራዊሕ ያቋርጣል።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ጥበቃ አያስፈልግም። ከ11ዱ አንዱ ጭራሽ ካልተጫወተ ከተጠባባቂዎቹ በደረደራችሁት ቅደም ተከተል በራሱ ይተካል፤ ካፒቴኑ ካልገባ እጥፉ ወደ ምክትሉ ይሄዳል። የመጀመሪያ ተጠባባቂያችሁን መጫወቱ ከሚታመን ሰው፣ ምክትሉንም እንዲሁ አድርጉና ሐሙስ ማታ ዝጉት። አሠልጣኞች ዓርብ የሚሰጡት መግለጫ ያመልጣችኋል፣ አልክድም። በዓመት ጥቂት ነጥብ ያስከፍላል። ያንን ልክፈል።

ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ መዋጮ የሌለበት የጀመዓ ሊግ እንክፈት። ሽልማት ካስፈለገ ከተወዳዳሪዎቹ ኪስ ያልወጣ መጽሐፍ ይሁን፤ የዚህንም ሁኔታ ኡስታዞቻችን ይዩት። ብር የሰበሰባችሁ ወንድሞች የስም ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ ነው፤ ከ38ኛው ሳምንት በፊት ለየባለቤቱ መመለስ ይቻላል።